ሰንበት ቀን መኪና የተሳፈሩት ቄስ

ዘር መጠየቅ አብሮኝ ያደገ አመል ነው። የእኛ ሰው አንድ ወጣት ባየ ቁጥር የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እየጠየቀ ሰባት ቤት ካልቆጠረ እንቅልፍ አይወስደውም። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ተብሎ የተጀመረ ነው። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ የምጠይቀው ለጋብቻ ብዬ አይደለም፤ ወሬ ስለምወድ ነው። ይህ አመሌ አንዲትን ልጅ ሊያሳጣን ምንም አልቀረው።

ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ፣ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በላይ ባለ ሰፊ ክፍል፣ ማደሪያ ላጡ ወጣቶች የሚሆኑ ስምንት አልጋዎች አሉን። «አሉን» ስል የእኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች ጸሎት ቤት፣ ከጎረቤት የአረብ ከተማ የሚመጡ የመስጊድ ሰዎች፣ አረጋውያንን በማስታመም የሚተዳደሩ የፊሊፒንስ ክርስቲያን ሴቶችም አሉበት። መጀመሪያ ሲነገረኝ «እነዚህ ሁሉ ባንድ ጣሪያ ሥር? ሳምንት አይቆዩም» ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ዓርብ ቀትር ሙስሊሞቹ ሲሰግዱ እኛና ፊሊፒኖቹ ቤቱን እንጠብቃለን። ቅዳሜ እኛ ስናርፍ እነሱ ይሠራሉ፣ እሑድ ክርስቲያኖቹ ሲጸልዩ ተራው የእኛ ነው። አንዱ ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር ሌላው ሾርባ ያማስላል። ብዙ መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ መከባበር ግን የትም አላየሁም።

የቤቱ ጥብቅ ሕግ አንድ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ካላወሩ በቀር ስለ ቤተሰባቸው አይጠየቁም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእኛው ልጅ መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ ናት፤ አንጀቴን በላችው። ሾርባ እያቀረብኩላት ምላሴ አላርፍ አለና «የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት። ታላቅ ሰው ጠይቆ ዝም ማለት ነውር ሆኖባት የአባቷንም የአያቷንም ስም ነገረችኝ። አያቷን የማውቃቸው መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት የቀረውን እንዲቆጥሩልኝ ወደ ጸሎት ቤታችን ቄስ ደወልኩ። እሳቸው ደግሞ የጠፋች ልጅ መገኘቷ ደስ ብሏቸው ለአባቷ ምሥራች አሉት። ልጅቷ ከቤት የወጣችው የአባቷን ዱላ ሸሽታ መሆኑን ሁለታችንም አላወቅንም። አባትየው «ያለሽበትን አውቄያለሁ፣ እሑድ መጥቼ እወስድሻለሁ» የሚል መልእክት ላከላት። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ይህን ያወቅሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኤይን ሀትኽሌት ከሚገኘው ጸሎት ቤታችን ስንወጣ የመስጊዱን ዳቦ ወደ ማደሪያው የሚያመላልሰው ሰውዬ በእግሩ ወደ እኛ መጣ። ሰንበታችንን አክብሮ መኪናውን ሌላ መንገድ ላይ አቁሞት ነበር።

«ልጅቷ ራማት ፖሌግ ሰፈር፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ናት» አለኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ መቷታል፣ እንደ እሳት ትፋጃለች። ከፊሊፒኖ እህቶቻችን አንዷ አብራት ተቀምጣለች። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ አትልም፤ ወገኖቼ እዚያም ደርሰው ለአባቴ ይነግሩብኛል ነው የምትለው።»

ቄሱ አጠገቤ ቆመዋል። እኚህ ሰው በሰንበት መኪና መሳፈር ቀርቶ የሞቀ ምግብ እንኳ አይቀምሱም።

«አባ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» አሉና መኪናው ወደቆመበት ቀድመውኝ ሄዱ። ምእመኑ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። «ምን ታፈጣላችሁ?» ብዬ ተቆጣሁ፣ ድንጋጤዬን መወጫ ሳጣ።

ልጅቷ ስታየን ልትሸሽ ተነሣች፣ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ፊሊፒኖዋ ካፖርቷን አልብሳት እሷ በሹራብ ብቻ ትንቀጠቀጣለች። ቄሱ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ እርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው።

«ልጄ፣ ለአባትሽ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰንበት ባይሆን ድንጋይ ተሸክሜ ነበር ይቅርታ የምጠይቅሽ።»

በአገራችን በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳዩን ይለምናል። ሽማግሌ ለልጅ፣ ያውም ቄስ፣ እንዲህ ሲል ግን ሰምቼም አላውቅ። እኔም «የጠየቅሁሽ እኔ፣ ያወራሁትም እኔ» አልኳት።

«ዳይ፣ ይብቃዎት፣ አባ፣ ይነሡ! ሰው ያያል!» አለች እያለቀሰች። «አባቴ እኮ ነገ ይመጣል።»

«ይምጣ» አሉ ቄሱ።

ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ገባች፤ ሐኪም ቤት ፊሊፒኖዋ አብራት ሄደች። ዳቦ አመላላሹ ሹፌር ተመልሶ ሊያደርሰን ቢለምን ቄሱ እምቢ አሉ፤ ነፍሷ ከዳነች በኋላ ሰንበት ሰንበት ነው። ያን ሁሉ መንገድ በካፊያ በእግራችን ተመለስን። አንድም ጊዜ ደከመኝ አላሉም፣ እኔ ግን አሥር ጊዜ ብያለሁ።

እሑድ ጠዋት ተራው የእኛ ነበር። ልጅቷ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ክፍሉ ተመልሳለች። ቄሱ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ በሩን ዘግተው፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳቦ ያመጣው ሹፌርም መሄዱን ትቶ አጠገባቸው ቆመ። እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ከኋላቸው ነበርኩ።

አባትየው ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለለ ወጣ። ቄሱን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«አባ፣ ያሳልፉኝ። ልጄ ናት።»

ቄሱ ከጸሎት መጽሐፋቸው ቀና እንኳ አላሉም። «እለፍ» አሉት። «እኔን ተራምደህ እለፍ።»

ሰውየው ቆመ። ኮፍያውን በእጁ ሲያሽ ሲያሽ ቆየ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ የቄሱን ጉልበት ሳመና፣ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠ ወረደ።

ልጅቷ ትኩሳቷ በርዶላት ተኝታ ነበር፤ መምጣቱንም አልሰማችም።