ለእንግዳው የመጣ ሻሂ

ውድነህን የአሰብ ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሩት ቸግሯቸው ነበር። አስተማሪ እንዳይሉት ትምህርቱን አልጨረሰ፤ ተማሪ እንዳይሉት ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ስድስት ኪሎ ሦስት ዓመት ተምሮ፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ዩኒቨርሲቲው እንደ ደንቡ የአንድ ዓመት አገልግሎት እንዲሰጥ የላከው ልጅ ነው። ኋላ የወደብ ሠራተኞቹ መላ መቱና «ዩኒቨርሲቲ» አሉት። «ዩኒቨርሲቲ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል?» እያሉት ያልፋሉ። እውነትም የከተማው ዩኒቨርሲቲ እሱ ብቻ ነበር፤ አንድ የጣውላ ክፍል፣ አንድ የጠፍር አልጋ፣ አንድ ሳጥን መጽሐፍ።

ስድስት ኪሎ ሳለ ከመኝታ ክፍል ጓደኛው ከቸሩ ጋር አንድ ጨዋታ ነበራቸው። አንዱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ አንድ ስንኝ በዜማ ይወረውራል፤ ሌላው ከወዲያኛው አልጋ ቤት አስመትቶ ይመልሳል። የአገልግሎት ዕጣ ሲወጣ ቸሩ ጎሬ ደረሰው፣ የዝናቡ አገር። ውድነህ አሰብ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ባሕሩ ዳር ቆሞ ሳለ፣ አንድ ስንኝ መጣለት።

*ጨው ሆኖ ቀረብኝ ይኸ ሁሉ ውሃ፣*

መልሱ ግን እምቢ አለው። ለቸሩ ጽፎ ላከለት። እስኪመለስለት ድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ የጣውላውን ግድግዳ ሲያንቋቋው፣ አንዴ ራሱን፣ አንዴ ድምፀ ጎርናናውን ቸሩን እየሆነ የድሮ ስንኞቻቸውን ያዜም ጀመር። ድምፅ ከሌለበት ክፍል ይሻላል።

ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት አከራዩ እትዬ አሊማ ናቸው፤ ከወሎ ከመጡ ዐሥራ ስምንት ዓመታቸው። ባላቸው ኑህ ስኳርና ጨርቅ ይዞ ለንግድ በይሉል ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደር ከሄደ ቶሎ አይመለስም። አንድ ቀን ሁለት ወንዶች ሲጫወቱ የሰሙ መሰላቸውና፣ ቅርንፉድ የገባበት ሻሂ በሁለት ብርጭቆ ቀድተው ደጃፉ ላይ አስቀመጡ። «ለአንተም ለእንግዳህም» ብለው፣ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈን አድርገው ዘወር አሉ። ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። አፈረና ሁለቱንም ጠጣ። በማግሥቱም ሁለት ብርጭቆ መጣ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር አለፈ።

የቸሩ ደብዳቤ በመጋቢት ደረሰ። ጎሬ ሰባት ሆነው አንድ ቤት እንደተከራዩ፣ ከሳቁ ብዛት እንቅልፍ እንዳጡ ይተርካል። ስለ ስንኙ አንድ ቃል የለም።

ውድነህ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ አዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልሰውን ሾፌር ደስታውን ወደብ ሄዶ አገኘው።

«ጋቢናዬ ቦታ አለ» አለ ደስታው። «ግን ዓመቱን ሳትጨርስ ብትሄድ ያስመርቁሃል?»

«አያስመርቁኝም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«እንጃ።»

«በል ነገ ማለዳ መኪናው ዘንድ ጠብቀኝ። እኔን አሰብ ሁለት ቀን ሳድር ያስለቅሰኛል፤ አንተማ ከብረት ነው የተሠራኸው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ውድነህ መጻሕፍቱን ሳጥን ውስጥ ሲደረድር ትንፍሽ አላለም። ሻሂው ሲመጣ እትዬ አሊማ እንደ ወትሮው ዘወር አላሉም።

«ዛሬ ምነው ጭጭ አላችሁ? ተጣላችሁ?»

«እንግዳ የለም፣ እትዬ አሊማ። እኔው ነኝ።»

«ያ ወፍራም ድምፅ ያለው?»

«እሱም እኔ ነኝ፤ የሩቅ ጓደኛዬን ድምፅ እያወጣሁ ነው። የላክሁለትን ስንኝ ሳይመልስልኝ ቀረ።»

ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩት፤ የተነጠፈውን አንድ አልጋ፣ ክፍቱን ሳጥን አዩ። «ሁለት ወር ሙሉ ሁለቱንም ብርጭቆ አንተ ነህ የጠጣኸው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ሰውየው ስኳር ይወድ ይሆናል ብዬ አንደኛውን አጣፍጥ ነበር።» አልሳቁም። ደጃፉ ላይ ተቀመጡና የእንግዳውን ብርጭቆ አንስተው ፉት አሉ። «በል ንገረኝ። እሱ ያልመለሰልህ የትኛው ነው?»

ውድነህ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ስንኙን በቀስታ አዜመ። እትዬ አሊማ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው፣ በዝግታ፣ በወሎ ዜማ መለሱ፤

*አንተን ብቻ መስሎህ ያስጠማው በረሃ።*

«አገሬ ሳለሁ ሰርጉ ሁሉ ለዘፈን እኔን ነበር የሚጠራው» አሉ። «እዚህ ስንኝ የሚሰጠኝ ሰው ስላላገኘሁ ዝም አልኩ።» ባዶውን ብርጭቆ ይዘው ሄዱ።

በማግሥቱ ደስታው ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ ውድነህ ባዶ እጁን መጣ።

«ሳጥንህስ?»

«እንግዳ አለብኝ።»

ደስታው ትከሻውን ሰበቀና ተሳቢውን እያንገጫገጨ ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ውድነህ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የቸሩን ድምፅ አላወጣም። የራሱን ስንኝ ይልና ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። አንዳንድ ቀን ከጣውላው ማዶ መልስ ይመጣል። የእትዬ አሊማ ባል ኑህ ከበይሉል በተመለሰ ሰሞን ግን የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነበር፤ ውድነህም ሻሂው እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ።