የሱሉልታው ካፒቴን መንጠቆ

ተድላ ስፖንዳ ሠሪ ነው። ስፖንዳ የሚባለው በጭነት መኪና ጎን የሚቆመው፣ ጭነቱ እንዳይወድቅ የሚይዘው የሣንቃ ግድግዳ ነው። ከጎጃም በኩል በሬና ጤፍ ጭኖ ሲመጣ ስፖንዳው የተሰበረበት ሾፌር፣ የእንጦጦን ዳገት ከመያዙ በፊት ሱሉልታ ላይ በተድላ ደጅ ይቆማል።

ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እንጨት ነው። ራሱ ነው የሠራው። መጀመሪያ ከወይራ ጠርቦ ነበር፤ ከበደው። ሁለተኛውን ከዋንዛ ሠራ፤ ዋንዛ ይቀላል፣ ቶሎም አይሰነጠቅ። ጭቃ ላይ እንዳያንሸራትተው ከታች የጎማ ቁራጭ መታበት። በሁለት ክረምት አንዴ ጎማውን ብቻ ይቀይራል።

እግሩን ያጣው በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ጠዋት፣ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት፣ ሁለት ሣንቃ ተሸክሞ የአስፋልቱን ዳር ይዞ ሲሄድ ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና አለፈው። ከስፖንዳው የተንጠለጠለ መንጠቆ የካፖርቱን ቀበቶ ይዞ ጎተተው። ካፖርቱ ተቀዶ እስኪለቀው ድረስ ሃያ ክንድ ያህል ተጎተተ፤ የኋላው ጎማ እግሩ ላይ የወጣው ያኔ ነው። ሾፌሩ ይወቅ አይወቅ እንጃ፣ አልቆመም። ተድላ የመኪናውን ቀለም አላየም። ያየው ከፊቱ አንድ ስንዝር ላይ የነበረውን መንጠቆ ነው፤ ፋብሪካ የሠራው ሳይሆን ባለእጅ ከማረሻ ስባሪ የቀጠቀጠው፣ ጫፉ ወደ ግራ የጠመመ።

ይህንኑ ለፖሊስ ተናገረ፤ ለሚስቱ ለማሪቱም ነገራት። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰውም ረሳው፣ እሱም ሊረሳው ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰው መምህር ተሾመ ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ሲሆን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጠጅቱ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ካነበበው መጽሐፍ ቆረስ እያደረገ ያወራል። ያን ሰሞን የያዘው አንድ አሜሪካዊ ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈውን የመርከብ ታሪክ ነበር። እግሩን ነጭ ዓሣ አንበሪ የበላበት ካፒቴን፣ ያንኑ ዓሣ ፍለጋ ባሕሩን ሁሉ ያካልላል።

"ዮናስን የዋጠው ዓይነት?" አለች ጠጅቱ ብርሌ እየቀዳች።

"የዚያ ዘመድ።"

"ዮናስስ ከሆዱ አውጣኝ ብሎ ጸለየ።"

"ይኼኛው ራሱ ነው አፉ ውስጥ ካልገባሁ የሚለው" አለ ተሾመ።

"ታዲያ በአንድ እግሩ እንዴት አድርጎ ነው የሚያባርረው?"

"ሌላውን ከአጥንት አሠርቷል።"

የቤቱ ሰው ዓይን ሁሉ ከመካከላቸው በተቀመጠው በተድላ እግር ላይ አረፈ።

"ኦቦ ተድላ" አለ ድርቆሽ ነጋዴው ሞቱማ፣ "ሰውዬው አንተን ሳያይ አልጻፈም።"

ተድላም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ካፒቴን ሆነ። ማንም ያላየው መኪናም እንደ ዓሣው ነጭ ሆነ።

የባሰው ነገር፣ ተሾመ ታሪኩን ሳይጨርስ መጽሐፉን ይዞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሱሉልታ መጨረሻውን አላወቀም፤ ስለዚህ ከተድላ መጠበቅ ጀመረ። ነጭ መኪና ብቅ ባለ ቁጥር "ካፒቴን፣ መጣልህ" ይባላል። ተድላ መጋዙን ጥሎ ይወጣል። በመጀመሪያ እነሱን ለማሳቅ ነበር፤ በኋላ ሳይጠሩትም ይወጣ ጀመር። ነጩን ሁሉ እያስቆመ፣ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን አንድ በአንድ ያያል። ሰማያዊና አረንጓዴ ሲያልፍ ቀና ብሎም አያይ። እንዲህ ስድስት ዓመት ሄደ።

በስድሳ ሦስት የማሪቱ ወንድም ጌታቸው ከቡራዩ ላከባቸው። እሱ ያለበት የመኪና አካል መሥሪያ የኤሌክትሪክ መጋዝ አስገብቷል፤ ዋና አናጢ ይፈልጋሉ። ተድላ እስከ ኅዳር ሚካኤል ከደረሰ ቦታው የእሱ ነው፣ ካልደረሰ ሌላ ሰው ይገባበታል።

"እንሂድ" አለችው ማሪቱ።

"መንገዱ እዚህ ነው።"

"ቡራዩም መንገድ አለው፤ የወለጋ መንገድ።"

"የኔው የሚያልፈው በዚህ ነው።"

"የኔው ይለዋል ደግሞ። እኔን እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ብለህ አልጠራኸኝ።"

"ማሪቱ፣ ልሂድ ብል ምን እላቸዋለሁ? ካፒቴን ፈርቶ ሸሸ ነው የሚሉት።"

"ይበሉ። እኔ ዕቃዬን አስራለሁ። ከመጣህ መጣህ፤ ካልመጣህ ከመንገድህ ጋር ኑር።"

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ጎበና የሚባል የጫንጮ ሾፌር አረንጓዴ መኪናውን ደጁ አቆመ። የጫነው በሬ የግራውን ስፖንዳ በቀንዱ ነቅሎበታል፤ ነጋዴው በሬዎቹን አውርዶ በእግራቸው ነድቷቸዋል።

"አካም ጅርታ፣ ካፒቴን። ቶሎ ይደርስልኛል?"

"በሁለት ቀን" አለ ተድላ።

የተሰነጠቁትን ሣንቃዎች አወረደ። የታችኛውን ሲለካ እጁ ቆመ። ከኋላ በኩል ያለው መንጠቆ እንደሌሎቹ አልነበረም። ከማረሻ ስባሪ የተቀጠቀጠ ነው፤ ጫፉ ወደ ግራ ጠሟል።

ልክ ያኔ ከመንገዱ ማዶ የሞቱማ ድምፅ መጣ። "ካፒቴን፣ ነጭ መጣልህ።"

በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አልወጣም።

"ይኼን መኪና ስንት ዓመት ነዳኸው?" አለ ጎበናን።

"ዓመት ከመንፈቅ። ከደብረ ማርቆስ ሰው ነው የገዛነው፤ እሱም ከሌላ ነው የገዛው። ያኛው ሞቷል ይላሉ። ምነው?"

"ድሮም በዚህ ነበር የሚያልፈው?"

"ሌላ መንገድ የት አለ? ሳምንት በገባ ሁለቴ ሲመላለስ የኖረ ነው።"

"ቀለሙስ?"

"ይኸው አረንጓዴ። ከጥንትም ይኸው ነው ብለውኛል።"

ተድላ እንጨት የሚጠርብበት ግንድ ላይ ተቀመጠ። ለጠጅ ቤቱ ቢናገር የሚከቡት ጎበናን ነው፤ ጎበና ደግሞ በዚያ ነሐሴ የዚህን መኪና መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው። ዝም ካለ ካፒቴንነቱ እንዳለ ይቀጥላል። መሮውን አነሳ፣ መንጠቆውን ፈልቅቆ አወጣ፣ ኪሱ ከተተ። ሣንቃውን ከዝግባ ቆረጠ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ አዲስ መንጠቆ አሰረለት።

"የእጅህን ስንት ልስጥህ?" አለ ጎበና በሁለተኛው ቀን ማታ።

"ነገ ዕቃዬን ቡራዩ አድርስልኝ፣ ይበቃል።"

ማሪቱ አላመነችም። "መንገድህስ?" አለችው። ተድላ መንጠቆውን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። አገላበጠችው። ከዚያ ቀና ብላ መኪናውን አየች።

"በዚህ ነው የምንሄደው?"

"ስፖንዳው አዲስ ነው" አለ ተድላ።

በማግስቱ አልጋው፣ ሣጥኑ፣ የአናጢ ገበታው ተጫነ። የጠጅ ቤቱ ሰው ወጥቶ ቆመ።

"ካፒቴን፣ ዓሣውን ለማን ጥለህ?" አለ ሞቱማ።

"ላንተ። ነጭ ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብለህ እይልኝ።"

"መጨረሻውን ሳታሳየን?" አለች ጠጅቱ። እየሳቀች አልነበረም፤ ከልቧ ቅር ብሏታል።

እንጦጦን ወጥተው ወረዱ፣ በአስኮ አድርገው እኩለ ቀን ላይ ቡራዩ ገቡ። ጌታቸው መጋዙን ሲያሳየው፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ እጁን እየጠረገ ቀረበ።

"የሱሉልታው ካፒቴን እርስዎ ነዎት?"

ተድላ ጌታቸውን አየው። ጌታቸው ትከሻውን ነቀነቀ።

"የማታ ትምህርት ቤት መምህራችን ተሾመ ነው የነገረን" አለ ሠራተኛው። "የመጽሐፉንም፣ የእርስዎንም።"

"መጨረሻውን ነገራችሁ?"

"አዎ። ካፒቴኑ ጦሩን ሲወረውር የገዛ ገመዱ ጠልፎት ባሕር ውስጥ ይዞት ወረደ። መርከቡም ሰጠመ። ዓሣው መንገዱን ሄደ።" ትንሽ አመንትቶ ጠየቀ። "እርስዎስ፣ አገኙት?"

መዶሻዎቹ ሁሉ ቆሙ። ደጅ ላይ ጎበና ሣጥኑን ከአረንጓዴው መኪና እያወረደ ለማሪቱ ያቀብላል።

"አላገኘሁም" አለ ተድላ።

"አይዞዎት፤ በዚህም ብዙ ነጭ ያልፋል።"

ተድላ ጎንበስ ብሎ የመጋዙን ቀበቶ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ላልቷል። "አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አምጣ" አለ። ቁልፉን ተቀብሎ ብሎኑ ላይ ሲገጥም ከመንገዱ የመኪና ድምፅ ተሰማ።

"ካፒቴን፣ ነጭ ነው" አለ ሠራተኛው።

ተድላ መዞር እንደማያስፈልገው ያውቅ ነበር። አንገቱ ግን ዞረ።