አርፈዋል

ዱባይ ተራ ገበያ ለአንድ ተሸካሚ መንገድ ልለቅ ብዬ ስወድቅ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረና፣ አብነት ሰፈር በተከራየኋት ክፍል እግሬን በጄሶ ታስሬ ተኛሁ። ማንም አልጠየቀኝም። አለቃዬ የነበረው ደምሴ የራሱን ጥፋት የእኔ ነው ብሎ መስክሮ ከሥራ ካስባረረኝ ወዲህ፣ ዲግሪ እንጂ ወዳጅ የለኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልኬን ቻርጅ እንዲያደርጉልኝ ለአከራዬ ለእትዬ ዘይነባ ሰጥቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ ለቅሶ ነው። ከበሩ ውጭ አንድ ሰው ይንሰቀሰቃል። ድምፁን እንዴት እረሳዋለሁ? ደምሴ ነው።

«ንጹሕ ሰው ነበር፣ እትዬ! በሐሰት መስክሬበት ነው እንጂ ጥፋቱ የእኔ ነበር!»

ይህን ቃል ለመስማት ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄአለሁ። ክራንቼን ተደግፌ እያነከስኩ በሩን ከፈትኩት። ጥቁር ለብሷል። ሲያየኝ ወደ ኋላ ሊወድቅ ሲል እትዬ ዘይነባ ክንዱን ያዙት።

«መሰበሩን ሰምቼ እንዴት ነው ብዬ በስልኩ ስደውል፣ አንሥተው አርፈዋል አላሉኝም?» አላቸው።

«አልኩ! ጋደም ብለው አርፈዋል አልኩ። ወላሂ፣ ሞት ከአፌ ወጣ?»

ገባና አንዲቷ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ጄሶዬን ብቻ እያየ «እግዜር ይማርህ» አለኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ በር ላይ ያሉትን እስቲ ለእኔ ይድገሙልኝ» አልኩት። ልመና መሰለብኝ።

እንባውን ጠርጎ ተነሣ።

«እሱ እኮ ለሙት የሚባል ነው» አለኝና ወጣ።