በሰማያዊው ጨርቅ ላይ የሰፋሁት ኮከብ

ሊወስዱኝ ሲመጡ እጄ እስከ ክርኔ ሳሙና ነበር። ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ነው። ሁለት ወንድ ፖሊሶችና አንዲት ሴት ፖሊስ ገቡ። ሴትዮዋ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ ፎቶ አሳየችኝ። የልጄ ትምህርት ቤት ነው። የእንግዶች ጠረጴዛ ይታያል፣ በላዩም እኔ የሰፋሁት የጠረጴዛ ልብስ።

«ያንቺ ሥራ ነው?» አለችኝ በሶማሊኛ። ያን ያህል እሰማለሁ።

እኔ ሞኟ፣ ወደድኩት ልትለኝ መስሎኝ አዎ አልኳት። ፈገግም ብያለሁ። እጄን ሳልለቃለቅ መኪና ላይ አወጡኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሙቀቱ ከላይ ይጫናል፤ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ ይሸታል። አንዲት ወፈር ያለች የሶማሌ ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ልጅነቷን በስደት ጅግጅጋ በኩል አሳልፋለችና አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ጫት ሻጭ ናት። ጠረጴዛዋን የገለበጠባትን ደንብ አስከባሪ በጫማዋ መትታው ነው የገባችው። ጫማውን ለማስረጃ ወስደውባታል።

«አንቺ ሀበሻ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ጨርቅ ሰፍቼ።»

«የማንን ጨርቅ ሰርቀሽ?»

«አልሰረቅኩም። አሠሪዬ የሰጠችኝ አሮጌ መጋረጃ ነው። ለትምህርት ቤት የጠረጴዛ ልብስ አደረግኩት።»

«አንድ መጋረጃ ሰው ያሳስራል እንዴ? ምን ዓይነት ነው?»

«ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። መሀሉ ላይ ነጭ ኮከብ አለው።»

ሳቋን ዋጠችው። «ኮከቡ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ወላሂ አንቺ ሴትዮ ጉድ ነሽ። የሞቃዲሾን ባንዲራ እኮ ነው ሀርጌሳ መሀል ጠረጴዛ ያለበስሽው። እኛ ከሞቃዲሾ ከተለየን ወዲህ የራሳችን ባንዲራ አለን። ወንድሞቻችን የሞቱበት ነው። ያን ሌላውን እዚህ የሚያወጣ ሰው ፖለቲከኛ ነው የሚባለው።»

ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። እኔና ፖለቲካ። ኮከብ ለኛ የገና ጌጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ወረቀት ቆርጠን የምንለጥፈው። ሌላ ምን አውቄ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ኮድቡር የሚባለው ሰፈር ነው፣ የኛው የስደተኞቹ ልጆች የሚማሩበት። መምህሩ አንድ ቀን ወላጆችን ሰብስቦ «ልጆቻችን ሰው ቤት የሚያጥብና ድንጋይ የሚሸከም ብቻ እያዩ አይደጉ» አለን። ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ከሰፈሩ ሰው እየጋበዘ ከልጆቹ ጋር ያነጋግር ጀመር። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ መጣ፣ ግንበኛው መጣ። ከሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ መጣች፤ የልጆቹን ዓይን በነፃ መረመረችላቸው፣ እነሱም በተራቸው የክሊኒኩን ግቢ ጠረጉላት። ነርሷ ከመጣች ጀምሮ ልጄ ሌላ ወሬ የላትም። እንግዶቹ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ግን በቀለም የተጨማለቀ ነበርና አፈርኩ። እኔ አለብሰዋለሁ አልኩ። ሰፍቼ ስጨርስ ልጄ አየችና «እማዬ፣ ባዶ ሆነ፤ ኮከብ ይግባበት» አለች። ወረቀት አጣጥፋ አንዴ ብቻ በመቀስ ቆረጠችው፣ ክፍል ውስጥ የተማረችው ነው። እኔ ያንን በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ቆርጬ ሰፋሁት።

ጫት ሻጯ ይህን እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«አሥራ አራት።»

«እንግዲያው ስለ እሷ አፍሽን ዝጊ። ኮከቡን የቆረጥሽው አንቺ ከሆንሽ አላወቀችም ይላሉ። ልጅቷ ከሆነች ግን ማን አስተማረሽ ይሏታል። መምህሩ ትላለች። ከዚያ ትምህርት ቤቱን ይዘጉታል።»

በማግሥቱ ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪው ሽበት የጀመረው ሰው ነው። አጠገቡ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ወጣት ቆሟል። ጨርቄ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እንዲያ ሳየው፣ እውነትም ባንዲራ መሰለኝ።

«ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«ኮከቡንስ ማን ቆረጠው?»

«እኔው ነኝ፣ ጌታዬ።»

መርማሪው መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀትና መቀስ ወደ እኔ ገፋ። «ቁረጪ አለሽ» አለኝ አስተርጓሚው ልጅ።

ልጄ እንዴት እንዳጣጠፈችው አላየሁም ነበር። ወጥ እያማሰልኩ ነበራ። መቀሱ እጄ ላይ ተንቀጫቀጨ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። አንዴ አጠፍኩት፣ ደግሜ አጠፍኩት፣ ቆረጥኩ። ስዘረጋው የተወጠረ የበግ ሌጦ የመሰለ ነገር ወጣ።

መርማሪው አንስቶ ከጨርቁ ኮከብ ጎን አስቀመጠው።

«ይህ የአንድ ሰው እጅ ነው?»

«ስለተንቀጠቀጥኩ ነው።»

«ያኔ አልተንቀጠቀጥሽም?»

«ያኔ ፖሊስ አልነበረም።»

አስተርጓሚው ከንፈሩን ነክሶ ተረጎመለት። መርማሪው አልሳቀም። «ልጅሽ መቀስ መያዝ ታውቃለች?» አለ።

ሽንቴ ያመልጠኛል ብዬ ጭኔን ገጠምኩ። መሬት መሬት አየሁ። ደግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ «የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሚታሰረው አንድ ሰው ከሆነ ይኸው አለሁ» አልኩ።

መርማሪው ጽፎ ጨረሰና የጣት ቀለሙን አቀረበልኝ።

«አትሚበት፣ እናቴ» አለ ልጁ።

«ምን ይላል?»

«ያልሽውን።»

«እስቲ አንብብልኝ፣ ወንድሜ።»

እያነበበ ተረጎመልኝ። ሁሉም ደህና ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን መምህሩ አዞኝ ሰፋሁት ይላል።

«እንደዚያ አላልኩም» አልኩ። «ማንም አላዘዘኝም። እሱ ይሰረዝ።»

ልጁ መተርጎም ፈራ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። መርማሪው እስክሪብቶውን አንስቶ ያቺን መስመር ሰረዛት። እኔም የጣት ቀለሙን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ፣ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁና እስክሪብቶ ስጡኝ አልኩ። ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። ፊደሉ እንደ ሰካራም ተዘማዞ ነበር፣ ግን ተነበበ።

በአራተኛው ቀን አስጠንቅቀው ለቀቁኝ። ጫት ሻጯ ገና እዚያው ነበረች። «ሁለተኛ ስትሰፊ አበባ አድርጊበት» አለችኝ።

አሁን ሁለት ዓመት ሆነው። የፖሊስ መኪና ሳይ ዛሬም መንገድ ቀይሬ በሌላ ቅያስ እገባለሁ። ልጄ አንድ ቀን «ስለ እኔ ጠይቀውሽ ነበር?» ብላኛለች። «ስላንቺ ማን ያውቃል» አልኳት። ነርስ እሆናለሁ ማለቷን አልተወችም። የሐሙሱ ጉባዔ ለጥቂት ወራት ቆሞ ነበር። መልሰው ሲጀምሩት መምህሩ ከወላጅ አንድ ሰው ለምስክርነት ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። እጄን አወጣሁ። ደፋር ሆኜ አይደለም። ሰው ከቀረ ልጆቹ ማንን ያያሉ ብዬ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የመጣው እንግዳ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ነበር። ልጄ ተነስታ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ሁለተኛውን ስትጠይቅ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ማንም የለም። ከዚያ በኋላ ነው መልሱን ማዳመጥ የጀመርኩት።