መድኃኒት ላይ መድኃኒት፦ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ደርሶ መልስ

ማክሰኞ፣ ንጋት። ቡሬ መናኸሪያ

ከመንደራችን በባጃጅ የመጣነው እኔና እታለም ነን። እታለም የምላት ታላቅ እኅቴን ጥሩወርቅን ነው። አስሟ ከብዶባት ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የበርበሬ ጆንያ ይጫናል። እታለም ሳል ያዛት፤ ፓፏን፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ አውጥታ ሳበች።

«እትዬ፣ በርበሬውን ሳይገዙ ጨረሱት እኮ!» አለ ረዳቱ።

«አንተ ደግሞ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አምስት ትጭናለህ፤ በምን ልተንፍስ?» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ረፋድ። ፍኖተ ሰላም

ሰገራዋ ሲመረመር የትል እንቁላል ተገኘ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

«አስም የአየር ቧንቧ መቆጣት ነው። አንዳንድ ትል ሆድ ውስጥ ለመኖር ሲል ያን ቁጣ ያበርዳል ይባላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያባብሳል። ገና ያልተጣራ ነገር ነው። ያንቺ የቱን እንዳደረገ አላውቅም።»

«ካበረደልኝማ ምን በደለኝ ብዬ ላባርረው?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ደምሽን እየመጠጠ? የትሉን ኪኒን ዛሬ ዋጪ። ፓፉን ግን እንዳታቋርጪ፤ ሲያፍንሽም ወዲያው ሳቢ።»

እኔም ሰምቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ። ቤት

ኪኒኑን ዋጠች። እናታችን በኮሶ ያደገች ናት፤ ኮሶ በተጠጣ ቀን ሌላ መድኃኒት አይቀመስም፣ ይጣላሉ ይባላል። «መድኃኒት ላይ መድኃኒት አይደረብም፣ ልጄ። ትሉ ይውጣ፤ ፓፉን ነገ ትስቢዋለሽ» አለቻት። እታለም አየችኝ። ሐኪሟ ያለችውን ልናገር ስል እናቴ «አንተ ደግሞ!» አለችኝ። አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ተናግሬ ቢሆን እላለሁ፤ አሁን ምን ያደርጋል።

ደረቷ እየጨነቃት ፓፉን ሳትነካ ዋለች። ሲመሽ ብትስበውም አልያዘላትም። ማታ ባጃጅ የለምና በቃሬዛ ይዘናት ወጣን። አስፋልቱ ሳንደርስ አረፈች።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል። አክስቴ ደረታቸውን እየመቱ «ኪኒኑ ነው የበላት! ትምህርት ቤት የትል ኪኒን ቢሰጡም ልጆቼን አላስውጥም!» አሉ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። በለቅሶ መሐል እንደ እኔ ያለ ልጅ አይናገርም። ተነሣሁ።

«አክስቴ፣ ኪኒኑ አልገደላትም። ልጆቹን ያስውጧቸው። እታለም የሞተችው ፓፉን ስላልሳበች ነው።»

«ማን ከለከላት?»

«እኛ» አልሁ። ሄጄ ከእናቴ አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ።