ማጣሪያውን ያጠብንበት ሳምንት

ያደግሁት ወንጂ፣ አገዳ ሠራተኞች ሰፈር ነው። አባቴ በወጣትነቱ ለአገዳ ቆረጣ ከከምባታ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ እኛንም እዚያው ወለደን። የሰፈራችን ሰው ጥርስ ቡናማ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል። ልጆች ሳለን የሁላችንም አንድ ዓይነት ስለነበር ነገሬ ያለው አልነበረም። አዳማ ኮሌጅ ስገባ ግን ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ጀመርኩ። አባቴን ውሃው የያዘው ከጥርሱ አልፎ በአጥንቱ ነው። አንገቱ አይዞርም። ከኋላው የጠራው ሰው ካለ መላ አካሉን ይዞ ነው የሚዞረው።

ስለዚህ ከኮሌጅ ወጥቼ፣ ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የውሃ ማጣሪያ ላይ ስቀጠር ደስታዬ የደመወዝ ብቻ አልነበረም። ማጣሪያው ትልቅ ነገር አይደለም። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተደረደሩ ረጃጅም ነጭ ቱቦዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ ስስ ነገር አለ፣ ሜምብሬን ይባላል። ፓምፑ የጉድጓዱን ውሃ በኃይል ይገፋዋል። ንጹሑ ውሃ ሰርጎ ያልፍና ወደ ቦኖው ይሄዳል፤ ጨውና ፍሎራይዱ ከተረፈው ውሃ ጋር በሌላ በኩል ይወጣል።

አንድ ዓመት ከክረምቱ በኋላ ቦኖው ላይ ያለው ሰልፍ ይረዝም ጀመር። ፓምፑ ያቃስታል፤ የግፊት መለኪያው ወደ ላይ ይሄዳል፤ የሚወርደው ንጹሕ ውሃ ግን ቀጥኖ ቀጥኖ ክር አከለ። አንዳንድ ሴቶች ሰልፉን ትተው ከከተማው ጫፍ ወዳለው፣ ውሃው ወደማይጣራው አሮጌ ጉድጓድ ተመለሱ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤቴን ከዚያ ስትመለስ አገኘኋት። ጀሪካኗን በጋሪ አስጭናለች።

«ከዚያ ነው የቀዳሽው?» አልኳት።

«ምን ላድርግ እህቴ? ሰልፉ ላይ ስቆም እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ።»

ቀኑን ሙሉ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር እህል ነጋዴ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ መጡና እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ «አከም ቡልቴ፣ ልጄ» ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ ቱቦዎቹን ቆመው አዩ።

«ይሄ ነገር አርጅቷል» አሉ። «እንዝጋውና አዲሱ ሜምብሬን እስኪመጣ እንጠብቅ።»

«አዲሱ መቼ ይመጣል፣ ጋሼ?»

«ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ከመዝጋታችን በፊት ልጠበው።»

«በምን?»

«በኬሚካል።»

ዞር ብለው አዩኝ። «ሰው የሚጠጣበትን ዕቃ በኬሚካል? ሕዝቡ ምን ይለናል?»

ኮሌጅ እያለን በትምህርት ተምረነዋል፤ በእጄ ግን ሞክሬው አላውቅም። ማጣሪያውን የተከሉት ሰዎችም እንዴት እንደሚታጠብ ሳያሳዩን ነው የሄዱት። ይህንን አልደበቅኳቸውም። ሆኖም ኬሚካሉ ተጠርጎ እስኪወጣ፣ ውሃውም አዳማ ላቦራቶሪ ታይቶ ደህና ነው እስኪባል አንድ ጣሳ እንደማላስቀዳ ቃል ገባሁላቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ ሞክሪው፤ እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ» አሉኝ።

መጀመሪያ ቱቦዎቹን ከፈትኩ። ምን እንደያዛቸው ሳላይ መድኃኒት መስጠት አልፈለግሁም። ውሃው መጀመሪያ የሚገባበት ሜምብሬን አፉ ላይ ቡናማ አተላ ተለጥፎበታል፤ በጣቴ ስነካው ያሟልጫል፣ የረጋ ኩሬ ይሸታል። የመጨረሻው ደግሞ በውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ሁለት ዓይነት ቆሻሻ ስለሆነ ሁለት ዓይነት መታጠቢያ ያስፈልገዋል። አተላውን ኮስቲክ ሶዳ ያነሳዋል፤ ቅርፊቱን ሲትሪክ አሲድ ያሟሟዋል። በብሩሽ ፈትጌ ላጽዳው ብል ስሱ ሽፋን ይቀደዳል።

ለግዢ አዳማ ሄድኩ። ኮስቲክ ሶዳውን ያገኘሁት ለሳሙና ሠሪዎች የሚሸጥ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ «ሳሙና ልትጀምሪ ነው?» አለኝ። «ውሃ ላጥብ ነው» አልኩት። ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ሲትሪክ አሲዱን ከረሜላ ለሚሠሩ ከሚያቀርብ ነጋዴ ገዛሁ። ከዚያ በሚኒባስ ጭኜ ተመለስኩ።

በማጠቢያው ቀን አባቴም ነበር። ያን ሰሞን ሊጠይቀኝ መጥቶ እኔ ጋ ነበር የሰነበተው። በሩ አጠገብ የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ጥቁሩ ታንከር ውስጥ ያስቀመጥነውን ንጹሕ ውሃ ፀሐዩ ለብ አድርጎታል፤ ለብ ያለ ውሃ ቆሻሻውን ቶሎ ያላቅቃል። ጓንት፣ መነጽርና ቦቲ አድርጌ ውሃውን ወደ በርሜል ቀዳሁና ኮስቲክ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ላይ ነሰነስኩ። በተቃራኒው ውሃውን በሶዳው ላይ ማፍሰስ አይቻልም፤ ፈልቶ ይፈናጠራል። ከዚያ ውሃው በቀስታ በቱቦዎቹ ውስጥ እየዞረ ወደ በርሜሉ እንዲመለስ አደረግሁና ፓምፑን አጥፍቼ እንዲዘፈዘፍ ተውኩት።

እየጠበቅን ሳለ አባቴ «ይሄ ነገር ምንድን ነው የሚይዘው?» አለኝ።

«አጥንት የሚያደርቀውን ነው፣ አባዬ። የወንጂውን ነገር።»

የተቀመጠበትን ጀሪካን ወደ ቱቦዎቹ አስጠጋ። «እና እዚህ ከተማ የሚወለድ ልጅ አንገቱ ይዞራል ማለት ነው?»

«ይሄንን ከጠጣ ይዞራል።»

«በቃ ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃ አላነሳም፤ ሊቀመንበሩ ሲመጡ ስለ አገዳና ስለ ጤፍ ያወሩ ጀመር።

ፓምፑን መልሼ ሳስነሳው ወደ በርሜሉ የሚመለሰው ውሃ የጠቆረ ሻይ መስሎ መጣ። ቆሻሻው እየለቀቀ ነውና እኔ ደስ ሲለኝ፣ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ሴቶች ግን ጮኹ።

«ይሄንን ነው እስከዛሬ ስታጠጡን የነበረው?» አለች አንዷ።

ሌላዋ ደግሞ «ጭራሽ መርዝ ጨመሩበት!» ብላ ወደ ገበያው ገሰገሰች።

ሊቀመንበሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ያዳነችን ቦኖው ላይ የምታስቀዳው ባልደረባዬ ናት። እሷም ሮጣ ወደ ገበያ የገሰገሰችውን ይዛት ተመለሰች፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እየተቆጣች ሴቶቹን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ቱቦዎቹን በከፈትኩ ቀን አይታጠብም ብዬ አውጥቼ ያስቀመጥኩትን አንድ ሜምብሬን ቆርጬ ዘረጋሁላቸው። አተላው ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል ያለው ጨርቅ ነጭ ነው።

«የምትጠጡት በነጩ በኩል የመጣውን ነው» አልኳቸው። «ያያችሁት ጥቁር ውሃ ማጣሪያው ለእናንተ ሲል የያዘው ነው።»

ቅድም የጮኸችው ሴትዮ ነጩን ጨርቅ ዳበሰችና «ታዲያ ይሄ ምስኪን እንዴት ይተንፍስ?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ሊቀመንበሩም ሳቁ።

ሶዳውን በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አስወጣነው፤ ሁለቱ ኬሚካሎች እንዳይገናኙ። በማግስቱ የአሲዱ ተራ ሆነ። ቅርፊቱ ሲሟሟ በርሜሉ ውስጥ ልክ እንደተከፈተ ለስላሳ ይንሿሿል፤ ባልደረባዬ ጆሮዋን አስጠግታ «እየበላለት ነው!» ትለኛለች። የወጣውን ፈሳሽ ሁሉ በሜዳ አልለቀቅነውም። የሶዳውንና የአሲዱን ቆሻሻ ውሃ በጥንቃቄ በትርፍ ታንከር ውስጥ አቀላቅለን፣ አንዱ ሌላውን ማርከሱን በመፈተኛ ወረቀት ካየን በኋላ ነው ለፍሳሽ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ያፈሰስነው።

ታጥቦ፣ ተለቅልቆ ሲያልቅ ፓምፑን አስነሳሁት። ማቃሰቱ ቀርቷል። የግፊት መለኪያው ወርዶ ቆመ፤ ንጹሑ ውሃም አውራ ጣት አክሎ ወረደ። ሁሉም ቱቦዎች አልዳኑም፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ቅርፊቱ ስለጠናባቸው አዲሱን መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ለከተማው ግን የሚበቃ ውሃ ነበረን።

ቃሌን ጠብቄ ናሙናውን ወደ አዳማ ላክሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ሊቀመንበሩ ቦኖው አጠገብ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ፤ ለሚመጣው ሁሉ «ገና ነው» ይላሉ። ስልኬ ሲጮህ ከእኔ ቀድመው ተነሱ።

«ምን አሉ?»

«ደህና ነው። ፍሎራይዱ ወርዷል፣ ኬሚካልም የለበትም።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ክፈቺው!»

የመጀመሪያውን ጀሪካን የሞላችው «መርዝ» ብላ ወደ ገበያ የገሰገሰችው ሴትዮ ናት። እየቀዳች «መጀመሪያ የሮጥኩት እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ የምጠጣውም እኔ ነኝ» አለች።

አሁን ውሃው እስኪቀጥን አንጠብቅም፤ የግፊት መለኪያው ከፍ ማለት ሲጀምር እናጥባለን። ባልደረባዬም ሥራውን ለምዳ እኔ ባልኖርም ታጥባለች። በቅርቡ ደግሞ ቆቃ አካባቢ ያለች የአንዲት መንደር ኮሚቴ ማጣሪያችን ደከመ ብሎ ደወለልን። ሊቀመንበሩ ስልኩን ሲያነሱ ሰማኋቸው፤ «አትዝጉት፣ ሰው እንልካለን» አሉ። ቅዳሜ እኔና ባልደረባዬ በሚኒባስ እንሄዳለን። እሷ ለዚያ የሚሆን አዲስ ቦቲ ገዝታለች፤ ትንሽ ሰፍቷታል፣ በወፍራም ካልሲ አደርገዋለሁ ትላለች።