ወገኔ የቀጠለው ሽቦ

ወገኔ ወረታ ውስጥ ባለ የሩዝ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በአንዲት ቀጭን ሽቦ የሚሄድ ኮረንቲ እንፋሎት የሚያፈላውን ቦይለር ግፊት እሳት አንዳጁ አጠገብ ላለው ማሳያ ይነግራል።

ሥራ አስኪያጁ «ግፊቱ ቢሮዬም ውስጥ ይታየኝ» አሉት።

«ኮረንቲውን ሳያሳንስ ለሁለት ማሳያ የሚያደርስ መሣሪያ ይግዙልኝ» አላቸው ወገኔ።

«እስኪገዛ ዝም ብለህ ቀጥለው!»

ወገኔ እንደሚያሳስት እያወቀ ሽቦውን ቢሮ ውስጥ ወዳለ ሁለተኛ ማሳያ ቀጠለው። ኮረንቲው ለሁለት ሲካፈል ሁለቱም ማሳያዎች ግፊቱን በግማሽ አሳነሱት። እሳት አንዳጁ አለምነህ ግፊቱ የወረደ መስሎት እሳቱ ውስጥ የሩዝ ገለፈት ደጋግሞ ጨመረ። ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው የማስተንፈሻ ክዳንም ዝጎ ተጣብቆ ኖሯል።

ወገኔ የቦይለሩን ጩኸት ሰምቶ «አለምነህ፣ ውጣ!» እያለ ሲሮጥ ቦይለሩ ፈነዳ። ጣሪያው ተገነጠለ፤ የፈላው ውሃ የአለምነህን ፊትና ደረት ላጠው። ወገኔ እጁ እየተቃጠለ ጎትቶ አወጣው።

ሆስፒታሉ ደጅ የአለምነህ እህት ዙፋን የሆነውን ሰምታ «ማነው ሽቦውን የነካካው?» ብላ ጮኸች። ሥራ አስኪያጁ አቀረቀሩ።

«እኔ ነኝ፤ እንደሚያሳስት እያወቅሁ» አላት ወገኔ።

ድንጋይ አንስታ ግንባሩን ፈነከተችው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ቆመላት እንጂ እጁን አላነሳም።

አለምነህ በአንድ ዓይኑ ተረፈ። ወገኔ በየሳምንቱ ይጠይቀዋል። ዙፋን በሩን ትከፍትለታለች፤ ሰላምታውን ግን እስካሁን አልመለሰችለትም።